አደራ የተባለው አውራ ዶሮ

በጣልያን ጊዜ መተማ ላይ የሰው አደራ በልቻለሁ። ያውም በእንጀራ ነው የበላሁት።

ነጋዴዋ ጎረቤቴ ፋጡማ፣ በዐቢይ ጾም መካከል ወደ ሱዳኗ ገላባት ስትሻገር አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አመጣችልኝ። «እቴ፣ እስክመለስ አደራ! እናንተ ለፋሲካ ዶሮ ስታዩ አያስችላችሁምና ማይልኝ» አለች። በገብርኤል ስም ማልሁላት።

ፋጡማ ግን ድንበሩ ተዘግቶባት ቀረች። ፋሲካ ደረሰ፤ ገበያው ባዶ ነበር። ጣልያንን ሸሽተው ቋራ የከረሙት የነፍስ አባቴ ደግሞ ተመልሰው «ጾም የምፈታው ቤትሽ ነው» ብለው ላኩብኝ። ካህን በሽሮ ጾም ይፈታል? ዶሮውን አሳረድሁት።

አባ ፈረሰኛውን እየጋጡ «ልጄ፣ ይህን የመሰለ ዶሮ ከየት አገኘሽ?» አሉኝ።

«ከሸሕዲ ገበያ» ብዬ ዋሸሁ።

«ቃሉን የሚጠብቅ ክርስቲያን ማዕዱ ይጣፍጣል» ብለው መረቁኝ። እኔም «አሜን» ብዬ ወጥ ጨመርሁላቸው።

በሳምንቱ ፋጡማ ስትመጣ እግሯ ላይ ወድቄ እውነቱን ነገርኋት። እሷ ግን ራሷን ያዘች።

«የኔ መሰለሽ እንዴ? የነፍስ አባትሽ የቄሱ ነው እኮ! ሲሸሹ፣ ‹ለቅዳሴ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው፤ ክርስቲያን ቤት ከተውሁት ፋሲካን አያልፍም፤ አንቺ ያዢልኝ› ብለው የሰጡኝ!»

አዝናልኝ «ጠፋብኝ» አለቻቸው። መናዘዝ የሚገባኝ ለነፍስ አባቴ ነበር። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ቅዳሴ ባረፈዱ ቁጥር «ዶሮዬን የበላ ምሕረት አያግኝ!» እያሉ ይራገማሉ። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

እባካችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።