የዘርፈሽዋል ጆሮ

ዘርፈሽዋል የመዘዞ ልጅ ናት። ቤተ መንግሥቱ ገና ከአንኮበር ሳይነሳ ጎረቤላ ተድራ መጥታ ጎረቤቴ ሆነች። በግ ሲታመም ጆሮዋን ከጎኑ ለጥፋ ታዳምጣለች፤ ሲታረድ ደግሞ ሳንባውን ገልብጣ የሰማችውን በዓይኗ ታያለች። እንዲህ እያለች የሰውንም ውጋት ለየች፤ በተለይ የሽማግሌውን። ሽማግሌ ሳንባውን ሲታመም ሳያስል፣ ሳያተኩሰው፣ ዝም ብሎ ይቃዣል።

አባቷ ገብረአብ እሷ ዘንድ ሊጦሩ መጥተው ክረምቱን መቃዠት ጀመሩ። ጀርባቸውን አዳመጠችና፣ «ውጋት ነው፤ እሳት ላይ እንደወደቀ ጨው ይንጣጣል» አለች። ማን ሰምቷት። ቡዳ አስለቅቃለሁ ባዩ ኃይለ ገብርኤል ተጠራ። «ይለፈልፋል፤ ቡዳ በልቶታል» ብሎ እሷን በር ላይ አስይዞ፣ ሽማግሌውን በጋቢ ሸፍኖ በቀበሪቾ ጢስ አጠናቸው። እዚያው ጋቢው ውስጥ ታፍነው ሞቱ። ያ ደንቆሮ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።

ዘርፈሽዋል አላለቀሰችም። «ጠብቂ፣ የሱም ጀርባ እጄ ይገባል» አለችኝ።

ዓመታት አልፈው እሱም አረጀ፤ እሱም ይቃዥ ጀመር። ልጆቹ ያስተማራቸውን አደረጉ፤ ፍሙን በገል፣ ቀበሪቾውን በእፍኝ አቀረቡ። ታላቁ ልጁ ወልደሩፋኤል ግን ፈራና እሷን አስጠራት። ይህማ አያመልጠኝም ብዬ አብሬ ሄድኩ።

ስንደርስ ልቡ ተመልሶለት ነበር። ጆሮዋን ከጀርባው ለጥፋ ቆየች።

«ምንድን ነው ያመማቸው?» አለ ወልደሩፋኤል።

«እሱ ይንገራችሁ» አለችና ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለች። አንቱታውን ትታዋለች። «እንደ አባቴ ነው የሚንጣጣው፤ ውጋት ነው። ገብረአብን ቡዳ አልበላውም፣ በጢስ የገደልኩት እኔ ነኝ በል። ያን ጊዜ ይህ ፍም ይጠፋልሃል።»

«አጥፊልኝ» አላት በሹክሹክታ።

«ለእኔ አይደለም፤ ለልጆችህ ንገር።»

ልጆቹን አያቸው። ስሙም እንጀራውም ያ ጢስ ነው፤ ስንቱን ቤት አንቀጥቅጦበታል። ከዚያ ጋቢውን በገዛ እጁ አናቱ ላይ ሳበና፣ «ቡዳ ነው፤ አምጡት» አለ።

ዘርፈሽዋል ከአጠገቡ አልተነሳችም። ጢሱ ዓይኗን እያቃጠላት ጆሮዋን መልሳ ጀርባው ላይ ለጠፈች።

«እትዬ፣ አሁንስ ምን ይሰማሻል?» አለ ወልደሩፋኤል ቆይቶ።

«አሁንስ ምንም» አለች።

ይበለው። ያን ቀን በልቤ ብያለሁ፤ ዛሬ በአፌ እላለሁ።