አፍ የሌለው አክተር

ባለፈው እሑድ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረ። ቱሉ ዲምቱ ነፋሷ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል፣ ስብሰባችን ደግሞ ሁልጊዜ ደጅ ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ወረቀቱን ዘርግቶ፣ በብሎኮቹ መሀል ያለችው የልጆች መጫወቻ ሜዳ ለመኪና እጥበት እንድትሰጥ «ነዋሪው ተስማምቷል ብዬ አሳውቄያለሁ» አለን። እጄን ያነሣሁት ሳላስበው ነው። «የትኛው ነዋሪ? መቼ ጠየቅከን?» ብዬ ጀመርኩና ሳላቋርጥ ስናገር ቆየሁ። ሜዳዋ ተረፈች። ስንመለስ የበር ለበር ጎረቤቴ ዘሃራ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ መናገር የት ነው የተማርሽው?» አለችኝ።

«ጌም ቤት» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ያደግሁት አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ስለነበር ቀን ቀን ትተኛለች። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ መሀሉን የሚለየው ስስ መጋረጃ። ስለዚህ እኔ በሹክሹክታ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል። ድስት ሳላንኳኳ መክደን፣ በር ሳላሰማ መዝጋት እችልበት ነበር። ትምህርት ቤትም ያው ሆንኩ። መልሱን እያወቅሁ እጄን አላነሣም። መምህሮቼ «ጨዋ ልጅ» ይሉኛል፤ ሴት ልጅ ዝም ካለች ጨዋ መባሏ መቼም አይቀርም። እንግሊዝኛ ግን እወድ ነበር፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፣ የመድኃኒት መመሪያ ሳይቀር።

አሥራ ስድስት ዓመት በሞላኝ ክረምት ሳሙና ልገዛ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ ከስልጤ የመጣ፣ ሳቁ ከሱቁ የሚሰፋ ሰው ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ሁለት ቴሌቪዥን ደቅኖ የሰፈሩን ወጣት ጌም ያጫውታል። ድንገት ዝናቡ ወረደ። የአቃቂ መረሬ ጭቃ አንዴ ጫማ ከያዘ አይለቅምና ወደ ውስጥ ተጠለልኩ። ክፍሉ የረጠበ ጃኬትና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። አንደኛው ቴሌቪዥን ላይ እንደተለመደው ኳስ ነው። ሁለተኛው ላይ ታምሩ የሚባል፣ በጆይስቲክ አያያዙ በሰፈሩ የታወቀ ልጅ ታሪክ ያለው ጌም ይጫወታል። አክተሩ (ዋናውን ሰውዬ አክተር ነው የምንለው) ጎራዴ ታጥቆ ከመንደር መንደር ይዞራል። ያገኘው ሰው ሁሉ ያናግረዋል፤ እሱ ግን ቃል አይተነፍስም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ድምፅ አልሰጡትም። የሚመልሰው መልስ በእንግሊዝኛ ሦስት አራት ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይደረደራል፣ ተጫዋቹ አንዱን ይመርጥለታል። ታምሩ ታዲያ ሳያነብ የመጀመሪያውን እየነካ አክተሩን ከአገር ሁሉ አጣልቶታል።

«ሁለተኛውን ንካው» አልኩ በሩ አጠገብ እንደቆምኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ምን ይላል?»

ነገርኩት። ነካው። ጎራዴውን መዝዞ የነበረው ዘበኛ ጎራዴውን መለሰና አሳለፈን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአክተሩ አፍ ሆንኩ። እናቴ እንደተኛች ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። የሌሎቹን ንግግር ከስክሪኑ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ ምርጫዎቹን እዘረዝራለሁ፣ ቤቱ ይከራከራል። «ይማረው!» «ኧረ ምን ሲደረግ!» ሲስማሙ ደግሞ የተመረጠውን እኔ በአማርኛ አሳምሬ፣ አክተሩን ሆኜ እናገራለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅረው ለመሰማት መጮህ ግድ ነበር፤ ጮህኩ። በሁለተኛው ሳምንት ኳስ ተጫዋቾቹ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ታምሩ የጌሙን ቀጣይ ክፍል ይዞ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ አስተርጓሚ ቀረ» አለ ሁሉም እየሰማ። «ይሄኛው አክተር ራሱ ይናገራል። አንቺም እረፊ፣ ወደ ቤትሽ።»

አልሄድኩም። በሩ አጠገብ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ። አክተሩ አፉን ሲከፍት ቤቱ «ውይ!» አለ። ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ ወፍራም፣ ረጋ ያለ። ቀናሁ። በሕይወቴ በማንም እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም፣ ያውም በሌለ ሰው። እሱ ከተናገረ እኔ እዚያ ቤት ምን ቦታ አለኝ? ያችን ክፍል ካጣሁ የሚቀረኝ ከመጋረጃው ወዲህ ያለው ዝምታ ብቻ ነበር።

ይሄኔ ጋሽ ቶሎሳ ዝናቡን ሸሽተው ገቡ። ጋሽ ቶሎሳ ከከተማው በፊት እዚያ ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለራዲዮናቸው ባትሪ ድንጋይ ሊገዙ መጥተው ነው። ታላቅ ወንድማቸውን ከቀበሩ ሁለት ወር አልሞላቸውም። ተነሥተን አስቀመጥናቸው፣ እሳቸውም ከእኛው ጋር ማየት ጀመሩ።

አክተሩ ጠላት የያዘውን ምሽግ ለማስለቀቅ የአንድ መንደር ሰዎች ያስፈልጉታል። የመንደሩ አለቃ ልጃቸው ተገድሎባቸው በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ምርጫዎቹ እንደ ድሮው ሙሉ ንግግር አይደሉም፣ ሁለት ሦስት ቃል ናቸው። «ለእኔ ተወው» የሚለውን ታምሩም ማንበብ አላቃተውም። መልካም ነገር መሰለ፤ ነካው። አክተሩ በዚያ በሚያምር ድምፁ ረዘም አድርጎ ተናገረ። አለቃው ብድግ አሉና በሩን ፊቱ ላይ ዘጉት።

«ምን ብሏቸው ነው?» አለ አንዱ። ታምሩ ራሱን አከከ። የአክተሩ ንግግር በጽሑፍ አይወጣም ነበርና ያወቀ የለም። አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም እኔን ማየቱ ጣፈጠኝ።

«ድገመው» አልኩት። ደገመው። በደንብ ሰማሁና ተረጎምኩ። «‹አንተ ሽማግሌ፣ ለቅሶህን ተውና ቤትህ ግባ። ልጅህን ማዳን ያቃተህ ሰው አትረባኝም፤ የቀረውን ለእኔ ተወው› ነው ያላቸው።» ምንም አልጨመርኩበትም ብል ውሸት ነው፤ ግን ብዙ አልጨመርኩም።

ቤቱ ተደበላለቀ። «ለሐዘንተኛ?» «እኛ መቼ እንዲህ በል አልነው?» ሁላችንም ጋሽ ቶሎሳን ማየት አፈርን።

«ይህን ባለጌ ዝም አሰኙልኝ» አሉ እሳቸው።

ሸምሱ ተንጠራርቶ ድምፁን አጠፋው። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ታምሩ ጆይስቲኩን እንደያዘ ከፊተኛው ወንበር ተነሣ። «ጽጌ፣ ነይ በቃ» አለኝ። «አንቺ ተናገሪለት።»

ከሳጥኑ ተነሥቼ በሁሉም መሀል አለፍኩ። ታምሩ ጌሙን ወደ ኋላ መልሶ አስጀመረው፣ ሌላ መልስ መረጥን፣ አክተሩ ድምፅ አልባ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። እኔም ቆሜ ተናገርኩ። «አባቴ፣ ዘግይቼ በመምጣቴ ይቅር ይበሉኝ። የምሽጉን ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን፤ ዛሬ አብሬዎት ልቀመጥ ነው የመጣሁት። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። ሸምሱም «አላህ ያጽናዎት» ብሎ ጨመረ፣ ለቴሌቪዥኑ ይሁን ለእሳቸው እንጃ።

ስክሪኑ ላይ የአለቃው በር ተከፈተ። የጩኸቱ ነገር! ታምሩ ትከሻዬን ይዞ ሲንጠኝ፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ቆርቆሮውን ሲደበድቡ፣ ጋሽ ቶሎሳ እንኳ ፈገግ አሉ። አክተሩ በእንግሊዝኛ ምን ብሎ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ግድም የለኝም። ያን ቀን ቤት ስገባ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። እናቴ ጉንፋን መስሏት ዝንጅብል አፈላችልኝ።

ዛሬ ልጄ የሚጫወታቸው ጌሞች ውስጥ አክተሩ ሁሉ ተናጋሪ ነው። ልጄ «እማዬ፣ ሲናገር ነው የሚያሳዝነኝ» ይለኛል፤ ሐቅ ሊኖረው ይችላል። ተናጋሪው የራሱ ሰው ነው፣ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ። ያ አፍ የሌለው ግን እስክናገርለት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ በፊት የምለውን ለመስማት የጠበቀኝ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለዘሃራ እዚያው ደረጃው ላይ ነገርኳት። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ስትሰማ ቆይታ፣ «ታዲያ ምሽጉስ? ያዛችሁት?» አለችኝ።

«ያዝነው እንጂ!» አልኩ። «በአራተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ!»

ከላይ በር ተከፈተና አንድ ሰው አንገቱን ብቅ አደረገ። «ማነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«እኔ ነኝ!» አልኩት።