ከግራሩ ሥር ያልተሰማ ስም

«ከሳሽ!» ብሎ የሚጣራ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የልጅነቴ የፍርድ ቤት ግቢ ይመለስብኛል። ከጭሮ ወጣ ብላ በምትገኘው ትንሽ ከተማችን፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ወንድሙ የጫት ማሳችንን «የአባቴ ርስት ነው» ብሎ ሊወስድ ተነሣ፣ እናቴም ከሰሰችው። ዳኛው ጉዳዩ እስኪወሰን አጎቴ ማሳውን እንዳይነካ አገዱት፤ እኛም ከዚያው ጫት እየቆረጥን በመሸጥ እንኖር ነበር።

በጋውን ሙሉ፣ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ እናቴ ንጹሕ ሻርፗን ተከናንባ፣ እኔን ሴት ልጇን አስከትላ ትሄድ ነበር። ወንዶቹ በረንዳው ላይ ይቆማሉ፣ ሴቶቹ ግን ግቢው ዳር ካለው ግራር ሥር ይቀመጡ ነበር። እንዲህ የሚል ሕግ አልነበረም፤ በሽማግሌዎች መሐል ተጋፍቶ በር ላይ መቆም ለሴት ነውር ስለነበረ ብቻ ነው። የችሎቱ ተላላኪ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሥራው ባለጉዳይ መጥራት ሆኖ ሳለ፣ ከደጃፉ ፈቀቅ ሳይል፣ ስሙን ለበረንዳው በሚበቃ ድምፅ ተናግሮ ይመለስ ነበር።

ክረምቱ ገብቶ፣ ችሎቱ ለእረፍት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ የእናቴ ስም ተጠራ። አልሰማንም። ወንዶቹ ሲበተኑ አይታ እየሮጠች ሄደች።

«አዴ፣ ስምሽ ሲጠራ የት ነበርሽ? ቀርታለች ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ» አላት ተላላኪው።

«ወላሂ እዚሁ ነኝ! ኦቦ፣ ከጠዋት ጀምሮ አላዩኝም እንዴ?»

«አይቼሻለሁ። አቤት አላልሽም።»

ከእኛ ጋር ግራሩ ሥር የነበሩ አንዲት አሮጊት አላስቻላቸውም። «ጫት ተራ ያለ ጓደኛህን ከዚሁ ሆነህ ትጠራው የለ? ለእኛ ሲሆን ጉሮሮህ ይዘጋል?»

በረንዳው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

መዝገቡ ሲዘጋ እግዱም አብሮ መውደቁን ያወቅነው በማግስቱ ነው፤ አጎቴ ሰው ቀጥሮ ጫቱን ከነሥሩ ያስነቅል ነበር። እናቴ ወደ ፍርድ ቤቱ ብትሮጥ «ከእረፍት በኋላ ተመለሺ» ተባለች።

ጥቅምት ላይ መዝገቡ ተከፈተ፣ ማሳው ላይ ግን ቤት ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎች ገብተው «የቆመ ቤት አይፈርስም» አሉና ለእናቴ ከጓሮው ጠባብ ቁራጭ ሰጧት። ተላላኪውን ማንም አልጠየቀውም። ዳኛውም መዝገቡን ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ሰው ወደ ግቢው ልኮ ማስፈለግ ባልከበዳቸው ነበር፤ አላደረጉትም። እናቴ የሰው ጫት እየቸረቸረች አሳደገችኝ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛ ሆኜ ብዙ ችሎት ገብቼ ዘግቤአለሁ፤ በዚህን ያህል ስንፍና የቤተሰብ እንጀራ ሲቆረጥ ግን አላየሁም።

ዛሬ በአካባቢው ባየኋቸው ፍርድ ቤቶች ባለጉዳይ የሚጠራው በድምፅ ማጉያ ነው፣ ሴቶችም ከወንዶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። በባጃጅ አብረን ስንሄድ በአጎቴ ቤት በኩል ማለፍ ግድ ነው፤ እዚያ ስንደርስ ፊቷን ወደ ሌላው ጎን ታዞራለች።