ከሰማያዊው ሥር የጻፍኩት

ቀለም በቀለም ላይ መደራረብ እንዴት ደስ እንደሚለኝ ልንገራችሁ ብል ቀኑ አይበቃኝም። መጀመሪያ ሸራው ላይ ቢጫ፣ በላዩ ቀይ፣ በላዩ ሰማያዊ። ቤት አልስል፣ ዛፍ አልስል፤ ቀለም ብቻ። የምገፋው በብሩሽ ሳይሆን እማዬ ከምታጸዳው ሆቴል በምታመጣልኝ የተጣለ የክፍል መክፈቻ ካርድ ነው። በቬጋስ ሙቀት፣ ጋራዣችን ውስጥ፣ አንዱ ዙር ቀለም ውኃ ጠጥቼ እስክመለስ ይደርቃል። ደስታው የሚመጣው ከዚያ ነው፦ የላዩን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ከሥር ያለው ቢጫ ብቅ ይላል። የት ጋ እንደሚወጣ እኔም አላውቅም!

የመጨረሻውን የምትፈገፍገው ግን እማዬ ናት። ከሺፍት ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "የእኔን ድርሻ አልነካሽብኝም አይደል?" ትላለች።

አንድ ሐሙስ የአባዬ ስልክ ጠራና አነሳሁት። የእማዬ ወንድም ነበር፣ ከአዲስ አበባ። "አባትሽን አቅርቢልኝ" ብቻ አለ። አባዬ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። የእማዬ አባት፣ አያቴ፣ አርፈዋል።

"ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ" አለኝ። "ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ያረዷታል።"

"ለምን ዛሬ አይመጡም?"

"ሁሉም ሥራ ላይ ናቸዋ። ሺፍት እስኪቀያየሩ ነው። መርዶ ሰው በሌለበት አይሰማም፤ ማን ይደግፋታል?"

የእማዬንም ስልክ "ስክሪኑን ላሠራልሽ" ብሎ ወሰደባት። ስክሪኑ ምንም አልሆነም ነበር።

ዓርብ ቁርስ ላይ እማዬ፣ "ስልኬ ከተሠራ እሑድ ለአያትሽ እንደውላለን፤ በአማርኛ የጻፍሽውን ታነቢላቸዋለሽ" አለችኝ። ዳቦዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሥራ ስትሄድ ጋራዥ ገባሁ። ለሰው መናገር ስላልቻልኩ ለሸራው ነገርኩት፤ በሰም ክሬዮን፣ ትልልቅ አድርጌ፦ "አያቴ ሐሙስ ሞቱ። እማዬ አልሰማችም።" አማርኛ መጻፍ ገና እየሆነልኝ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፊደሎቼ ማማራቸው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በላዩ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊውን ሁለቴ። አንድም ፊደል አይታይም። ቀለል አለኝና ሻወር ገባሁ።

ሰም ላይ ቀለም እንደማይዝ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

ጸጉሬን እያደረቅኩ ስመለስ እማዬ ሸራው ፊት ተንበርክካለች። ሆቴሉ ሥራ ስለቀዘቀዘ ሠራተኞቹን ቀደም ብሎ ወደ ቤት ልኳቸዋል። የብርጭቆ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው፤ ሰማያዊው እንደ ልጣጭ እየተነሳ ቀሚሷ ላይ ወድቋል። "ሞቱ" የሚለው ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

የቀሩኝ አያት አንድ ብቻ ነበሩ። ቢሆንም ጠየቀችኝ።

"አባቴ ናቸው?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ እስኪወጣ ፈገፈገችው። እኔ እንኳን ደገፍ ላደርጋት አልቻልኩም፤ በሩ ላይ ፎጣዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

"ሰው ተጠርቷል?" አለች በመጨረሻ።

"ነገ ጠዋት። ሺፍታቸውን ቀይረዋል።"

"በይ እንግዲያው፣ እኔ አልሰማሁም። አባትሽም እንዳያውቅ፤ ለፍቶበታል።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በይ። ቀቢው።"

አብረን ቀባነው። እኔ ቀለሙን አፈሰስኩ፣ እሷ በካርዱ ገፋችው። እራት ላይ አባዬ ሊያጫውታት የማይሆን ቀልድ ሲያወራ ሳቀችለት። እኔ ሳህኔን አየሁ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ፤ ከካዚኖ የጥበቃ ሥራቸው በቀጥታ ስለመጡ ዩኒፎርማቸውን አላወለቁም። "እህታችን፣ እንግዲህ እግዚአብሔር..." ብለው ሳይጨርሱ እማዬ ጮኸች።

አፍሬ ነው የምጽፈው፦ እያስመሰለች ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ። አልነበረም። ከትናንት ጀምሮ አምቃ የያዘችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ሦስት ሴቶች ግራ ቀኝ ደግፈው ያዟት። "አባቴ! አባቴ!" ትላለች።

አንዷ ሴትዮ ገፋ አደረገችኝ። "ምን ትቆሚያለሽ፣ እናትሽን እቀፊያት እንጂ!"

ሄጄ አቀፍኳት። ፊቷ እርጥብ ነበር። ማንም ሳይሰማ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

"በቃ፣ አሁን አንቺም አልቅሺ።"

አለቀስኩ።