በሞቴ የሚል ሰው

እኛ በሄድንበት ቀን ወጡ ይወፍራል። ይህን የነገረኝ አንድ ታራሚ ነው። ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ ሳለ በአጠገቡ ሳልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ በየቀኑ ብትመጡልን ምናለበት?» አለኝ። ሳቅሁ። የምንሄደው በድንገት ነው፤ ቀኑን ለማንም አንናገርም። ግን በሩ ላይ መታወቂያችን ሲገላበጥ፣ ስልካችን ሲሰበሰብ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲባል፣ ውስጥ ግቢው ይጠረጋል፣ ሽንት ቤቱ ላይ ውኃ ይደፋበታል፣ ድስቱ ውስጥም የሆነ ነገር ይጨመራል። ስንገባ ወለሉ ሁሉ እርጥብ ነው።

ሥራዬ ይኸው ነው። እስር ቤት እየገባሁ ሰዎቹ እንዴት እንደተያዙ አያለሁ። የት እንደሚተኙ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ሲታመሙ ማን እንደሚያያቸው፣ የሚመታቸው እንዳለ እንደሌለ። የማረሚያ ቤቱም የፖሊስም ሠራተኛ አይደለሁም፤ መሥሪያ ቤቴ ከሁለቱም ነፃ ነው ተብሎ የተቋቋመ ነው። ያየሁትን እጽፋለሁ፣ የጻፍኩት ይላካል፣ ከዚያ ተመልሼ ሄጄ ያንኑ አያለሁ። ድሮ ነርስ ነበርኩ። ነርስ ሳለሁ ቢያንስ ቁስል ሲድን አይ ነበር።

ይህኛው የወንዶች ማረሚያ ቤት ከአየር ጤና አለፍ ብሎ ነው። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ሲገኝ በመኪና፣ ሳይገኝ ከ18 ማዞሪያ በሁለት ታክሲ እንሄዳለን። አብሮኝ የሚሄደው የሕግ ባለሙያ እኩያዬም የሰፈሬም ሰው ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሳያስብ አንድ ቃል የማይተነፍስ ጠንቃቃ ነው። አንዳንዴ ያናድደኛል፤ እሱ ባይኖር ግን በአፌ ስንት ቦታ እንደምታሰር አላውቅም።

አንድ ሕግ አለን። ታራሚው ችግሩን ከነገረን በኋላ ስሙን ጠቅሰን ለኃላፊዎቹ እናቅርብ ወይ ብለን እንጠይቀዋለን። እሺ ካለ እናቀርባለን፣ እምቢ ካለ እንተወዋለን። መጫን የለም። ሕጉ ትክክል ነው። እኛ ማታ ቤታችን እንገባለን፤ እሱ ግን እዚያው፣ ከተናገረባቸው ሰዎች ጋር ነው የሚያድረው። ተናግሮ የተጎዳ ሰው አይቻለሁና በዚህ ሕግ ቀልድ አላውቅም።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው ክረምት ላይ ነው። ክፍሉ ተደራራቢ አልጋ፣ በአልጋዎቹ መካከል መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ ጄሪካንና የተሰቀለ ልብስ ሞልቶታል። ታራሚዎቹ ራሳቸው የመረጡት የክፍሉ ተጠሪ እንደተለመደው «ተመስገን ነው፣ ምንም ችግር የለም» ብሎ ተቀበለን። ይህን ሲል ዓይኑ ከኋላችን የቆመው ፖሊስ ላይ ነበር። ፖሊሱ ራቅ እንዲልልን ጠየቅነው። ራቅ አለ፤ ያን ያህልም አልራቀም።

ሽማግሌው ከታችኛው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ወደ ሰባው የተጠጉ፣ አየር ጤና መንገድ ዳር ብዙ ዓመት በጎሚስታነት የኖሩ፣ ክፍሉ በሙሉ «አባባ» የሚላቸው ሰው ናቸው። በምን እንደታሰሩ አልጠየቅኋቸውም፤ አንጠይቅም። ግራ እግራቸውን በጋቢ ሸፍነውታል። እኔ ግን ገና ስጠጋ ሸተተኝ። ነርስ የነበረ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም።

ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ነገሩን። ጣታቸው ላይ «ትንሽ ቁስል» እንደወጣችም አልደበቁም። የግቢው ክሊኒክ ፋሻ ይቀይርላቸዋል። ሆስፒታል መታየት እንዳለባቸው ክሊኒኩም ያውቃል፤ ግን መኪናው አንድ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ቀን እስረኛ ይዞ ፍርድ ቤት ነው የሚውለው። ቶሎ ካልታዩ እግራቸውን እንደሚያጡ ገባኝ። እሳቸውም ያወቁት ይመስለኛል።

ባልደረባዬ አጠገባቸው ቁጢጥ አለና በዚያ በረጋ ድምፁ፣ «አባቴ፣ ጉዳይዎን በስም ለኃላፊው እንድናቀርብ ይፈቅዳሉ?» አላቸው።

«ኧረ ይቅርብኝ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ከኔ የባሰበት ስንት አለ።»

«እሺ፣ መብትዎ ነው» አለና ተነሣ።

ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ያዝኩት።

«እሱ እምቢታ አይደለም።»

«ይቅርብኝ አሉ። አንቺም ሰምተሻል።»

«አንተ ራስህ ባለፈው እኔ ቤት መጥተህ ‹በልቼ ነው የመጣሁት› ብለህ አልነበር? ትሪውን ጠራርገህ ነው እኮ የሄድከው!»

ሳቁ መጣበት፣ ግን ዋጠው። «እሱ ቤት ነው። ይሄ ቤት አይደለም። እዚህ ሰው እምቢ ሲል ማመን አለብን።»

እኔም እንደዚያ ብዬ ስንት ሰው አስተምሬያለሁ። ግን እኚህ ሰው ያደጉት መጀመሪያ የቀረበለትን ነገር እሺ ብሎ የሚቀበል ሰው ስድ በሚባልበት አገር ነው። እኔም እዚያው ነው ያደግሁት። መጀመሪያ ይቅርብኝ ይባላል፣ ከዚያ ይለመናል፣ ከዚያ በሞቴ ይባላል፣ ከዚያ ይበላል። እስር ቤት ሰውን ስንት ነገር ያስረሳዋል፤ ይህን ግን አላስረሳቸውም።

ተመልሼ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ እግርዎን ልየው።»

«ተይው ልጄ፣ ደህና ነው።»

«ግድ የለም፣ ነርስ ነኝ።»

«አትድከሚ ስልሽ።»

«በሞቴ!»

ከዚያ ጋቢውን ራሳቸው ገለጡት። ሁለት ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ባልደረባዬ በር ላይ ቆሞ ጣሪያውን ያያል፤ ያልሰማ መምሰሉ ነው።

«ስምዎን እንጥራ?» አልኳቸው።

«በይ እሺ፣ ጥሪው» አሉ። «ደግሞ በሞቴ አትበይ፣ ልጅ ነሽ። እኔ ልሙት።»

ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው። ሻይ ይምጣላችሁ ወይ አሉን፤ አንጠጣም አልን፤ እሳቸውም አልደገሙም። የሽማግሌውን ጉዳይ ነገርናቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ፣ መኪናው ሆስፒታል በሚሄድበት ቀን፣ እንደሚላኩ ቃል ገቡልን። በዚህ ሥራ «እናያለን» እና «በጀት የለም» ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ቀን ተቆርጦ ሲነገረኝ ደስ አለኝ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ስገባ በደንብ በላሁ።

ሌላው ግቢ፣ ሌላው ሪፖርት ጊዜያችንን በልቶት ተመልሰን የሄድነው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ሽማግሌው እዚያው አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ያው ጋቢ እግራቸው ላይ ተጥሏል። ግን ከግራ ጉልበታቸው በታች ከጋቢው ሥር ምንም አልነበረም። ክራንቻ አልጋው ላይ ተደግፏል። ሳልጋበዝ ተቀመጥኩ።

«አልላኩዎትም?» አልኳቸው።

«ኧረ ልከውኛል! ሐሙስ ጠዋት ስሜ ተጠራ። ልብሴን ለባብሼ፣ በሰው ትከሻ ተደግፌ መኪናው ድረስ ሄድኩ።»

«እና?»

«ጠባቂዎቹ ከተቀመጡ በኋላ ለበሽተኛ የተረፈው አንድ ቦታ ነው። አንድ ኩላሊቱን የሚያመው ጎረምሳ አለ፣ ሌሊቱን ሲጮህ ነው ያደረው፤ ስሙ ግን አልተጠራም። እዚያው በሩ ሥር ተጣጥፎ ያቃስታል። ልጄ፣ እሱ እያቃሰተ እኔ እንዴት ልግባ? እሱ ይቅደም፣ እኔ ለሳምንት ይደርሳል አልኳቸው።»

«ፖሊሱ ምን አለ?»

«‹ይቀራሉ አባባ?› አለኝ። አዎ አልኩት። በሩን ዘጋው።»

በሳምንቱ መኪናው ፍርድ ቤት ዋለ። በሚቀጥለው ጋራዥ ገባ። ከዚያ ትኩሳት ያዛቸውና ራሳቸውን ሳቱ፤ ጓደኞቻቸው ጮኸው፣ በር ደብድበው፣ የሆነ መኪና ተፈልጎ ተወሰዱ። ሆስፒታሉ ያዳነው ሰውየውን ነው፣ እግሩን አይደለም።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ የሰው ወሬ በሚመስል ድምፅ ነው የነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ሳቅ አሉና፣ «በሞቴ የሚለኝ ጠፋ እንጂ፣ እኔማ ልብሴን ለብሼ ነበር» አሉኝ።

ተናደድኩ። በመኪናው፣ በሩን በዘጋው ፖሊስ፣ በሳቸውም ጭምር። እግር እየበሰበሰ ምን ጨዋነት ነው! ልጮህባቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ጓደኛቸውን ጠርተው «ለእንግዶቹ ውኃ ስጣቸው እንጂ» ይላሉ። ምኑን እናገራቸዋለሁ።

ኃላፊው ዘንድ ስንገባ ጉዳዩን እኛ ሳናነሣው እሳቸው አነሡት። «ሰውየው በራሳቸው ፈቃድ ነው የቀሩት» አሉ። «ስማቸው ተጠርቷል፣ ተጠይቀዋል፣ እምቢ ብለዋል። የሰው ፈቃድ ይከበር የምትሉን እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ባልደረባዬን አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። የሸሚዙን አንገት ይነካካል። ኃላፊው በክፋት አልተናገሩም፤ የኛኑ ቃል ነው የመለሱልን። ከዚያ ሻይ ይምጣ ወይ አሉ፣ አንዴ።

ስንመለስ አየር ጤና ታክሲ ውስጥ እኛ ከተቀመጥን በኋላ የቀረው አንድ ወንበር ነው። አንዲት እናትና አንድ ከዘራ የያዙ ሰውዬ በር ላይ ቆመው «ኧረ እርስዎ ይግቡ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይባባላሉ። ረዳቱ ይጮኻል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። «አንዳችሁ ግቡ በቃ!» አልኩ። ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ባልደረባዬ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ጀመር፤ ቤቴ እስክደርስ ማንም አላናገረኝም።

ሪፖርቱን አብረን ጻፍነው። ለበሽተኞች ብቻ የሚሆን ሁለተኛ መኪና ይመደብ፣ ማን ቀድሞ እንደሚሄድ ሐኪም ይወስን እንጂ በር ላይ ለታማሚዎቹ አይተው ብለን። ሁለተኛው መኪና ከዚህ በፊትም ተጽፏል፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት። ባልደረባዬ እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ከቆየ በኋላ፣ «ያንንስ እንዴት ብለን እንጽፈዋለን?» አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አይጻፍም። ሲታመም በሞቴ የሚለው ሰው ይመደብለት ተብሎ ለየትኛው ቢሮ ይላካል? ደክሞኝ ነበር፤ እንደዚያው ፈረምኩና ሰጠሁት።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት በቅርቡ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት። ሁለተኛ መኪና የለም። ያችው መኪና ሞተሯ ተነሥቶ ውስጠኛው በር ላይ ቆማለች፣ እኛ ደግሞ መታወቂያችንን ሰጥተን ከብረት አጥሩ ወዲህ እንጠብቃለን። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ቀጭን ጎልማሳ ስሙ ተጠርቶ መጣ። መኪናው አጠገብ ሌላ ሰው ግድግዳ ይዞ ያስላል፤ ስሙ ያልተጠራ።

«ኧረ እኔ ይቅርብኝ» አለ ባለ ቢጫ ዓይኑ። «እሱ ይግባ፣ ሲያስል ነው ያደረው።»

«ትቀራለህ?» አለው ፖሊሱ፣ እጁን በሩ ላይ አድርጎ።

ያኔ ከወደ ክፍሎቹ የክራንቻ ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው። ፈጥነው እየመጡ ነው፤ እንደዚያ የሚፈጥን ባለ ክራንቻ አይቼ አላውቅም።

«አንተ! ግባ!»

«ኧረ አባባ፣ እኔ ለሳምንት…»

«በሞቴ!»

«አባባ፣ እሱ እኮ…»

«በዚች በቀረችኝ እግሬ ይዤሃለሁ! ግባ ብያለሁ!»

ጎልማሳው አንገቱን ደፍቶ ገባ። በሩ ተዘጋ፣ መኪናዋ ወጣች። ሽማግሌው ክራንቻቸው ላይ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ከብረቱ ወዲህ አዩኝ። ሰላም አላሉኝም። ግድግዳ ይዞ ወደሚያስለው ሰው በአገጫቸው አመለከቱኝና፣ «በይ እንግዲህ፣ ለዚህኛው ደግሞ አንቺ ግቢና ኃላፊውን በሞቴ በያቸው» አሉኝ።

ወደ ጥበቃው ዞርኩና ኃላፊውን ማናገር እንደምንፈልግ ነገርኩት። ስብሰባ ላይ ናቸው አለን።