አማቴ የቀመሱት መድኃኒት

አማትና አማች አይስማሙም ይባላል። እኔ ግን አማቴን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ቡናማ ጠርሙስ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እኔና ባለቤቴ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለች ጠባብ አፓርታማ እንኖር ነበር። እሷ አረጋውያንን ትንከባከባለች፤ እኔ ዳውንታውን ባለ ጋራዥ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። መጠጥ ካቆምኩ ሰባት ወሬ ነው። በገዛ ፈቃዴ አቆምኩ ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ፤ ያስቆመችኝ ግን ባለቤቴ ናት፣ ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ። «አንድ ቀን ከአፍህ ቢሸተኝ ኬንት ከተማ ወንድሜ ጋ እገባለሁ። ተመለሽ ብለህ እንዳትመጣ» አለችኝ። ባለቤቴ ስትቆጣ አትጮኽም። መፍራት ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው።

መጠጡ ሲሄድ የምግብ ፍላጎቴን ይዞት ሄደ። ጨጓራዬ ይነድዳል፤ ምሳዬን ከፍቼ አየውና መልሼ እከድነዋለሁ። ይህን ያዩት ጋራዡ መግቢያ ላይ ትኬት የሚቆርጡት ህንዳዊ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተማሩኝ ህንድ ስለነበሩ፣ ህንድ የተናገረውን አለመጠራጠር ከልጅነቴ የተጣባኝ ነገር ነው። አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ አመጡልኝ። አዩርቬዳ በሚባለው በአገራቸው የጥንት ሕክምና ከዕፅዋት የተቀመመ ሽሮፕ ነው።

«ከምግብ በኋላ ሁለት ማንኪያ፣ በውሃ በጥብጠህ። ሆድ ይከፍታል» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው፣ «አልኮል ግን አብረህ እንዳትጠጣ!»

«እኔ አልጠጣም» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

አሁን እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያዋን ማንኪያ እንደቀመስኩ ምላሴ አወቃት። ትጣፍጣለች፣ ትመራለች፣ ከሥሯ ደግሞ ያቺ የማውቃት ሙቀት አለች። የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ዐይኔ እንባ አቀረረ። ግን ጠርሙሱ ላይ የቅጠል ሥዕል አለ፤ የሰጡኝ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስሙም መድኃኒት ነው። ከራሴ ጋር አልተከራከርኩም። ሁለቱ ማንኪያ በሳምንቱ አራት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ማንኪያውን ትቼ በሻይ ብርጭቆ ጀመርኩ፤ ውሃውም ቀረ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የተባለው ለእኔ ነው። ምግብ መብላቴ እውነት ነበር። ባለቤቴ ደስ ብሏት ህንዱን ሽማግሌ በሌሉበት መረቀቻቸው።

አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። አማቴን የማውቃቸው ከባለቤቴ በፊት ነው። ጠጅ ቤት ነበራቸው፤ እኔ ደንበኛ ነበርኩ። ጠጁ ካልደረሰ «ዛሬ አልሆነም፤ ነገ ኑ» ብለው ደጅ የሞላውን ሰው ይመልሱ ነበር። በጠጃቸው ዋሽተው አያውቁም። እኔን የሚወዱኝ ደግሞ ለምላሴ ነው። አንድ ቀን ከብርሌው አንዴ ተጎንጭቼ «እትዬ፣ የዛሬው ጌሾ የወትሮው አይደለም» ብላቸው ከት ብለው ሳቁ። «ነጋዴዬ ታሞብኝ ከሌላ ገዝቼ ነው። አንተንስ ማታለል አይቻልም» አሉኝ። ለልጃቸው ሽማግሌ ስልክ ግን አልሳቁም። «ጠጅ ለደንበኛ እሸጣለሁ፤ ልጅ ሌላ ነው» ብለው ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መለሷቸው።

ሲያትል በገቡ በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ መድኃኒቴን ወስጄ ሳሎን ስገባ ባለቤቴ ከሥራ መጣች። ልትስመኝ ቀረበችና ቀጥ አለች።

«ጠጥተሃል» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው።

«ማርያምን አልጠጣሁም! መድኃኒቴን ነው የወሰድኩት።»

«ሶ፣ መድኃኒት እንዲህ ይሸታል?»

መልሴን አልጠበቀችም። መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ስትጎትት ሰማኋት። ከዚያ «ወንድሜን ኮል አደርገዋለሁ፤ መጥቶ ይውሰደኝ» እያለች ስልኩን ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች። እኔ ቆሜ መሐላ እደረድራለሁ። ክፋቱ፣ ከመሐላዬ ግማሹ እውነት ነበር።

አማቴ ሶፋው ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቋንቋውን የማያውቁትን ቴሌቪዥን ያያሉ። ዞር እንኳ ሳይሉ «እስኪ ያቺን ጠርሙስ አምጣት» አሉኝ።

አመጣሁ። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ላሱና ዐይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤቴ ስልኩን እንደያዘች ቆማለች።

«ዘቢብ ነው» አሉ። «ቀረፋ አለበት፤ ቅርንፉድም። ሌላውን ቅጠል አላውቀውም። ተጥሎ፣ ታሽጎ፣ ከርሞ የፈላ ነው። ይኼ ጠጅ ነው ልጄ። የህንድ ጠጅ።»

ባለቤቴ ጠርሙሱን ተቀብላ አገላበጠችው። ከጀርባው፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሲብላላ ከራሱ የሚወጣ አልኮል እንዳለበት ተጽፏል። እስከዚያ ቀን ማናችንም አላነበብነውም ነበር።

«ኦኬ» አለች ወደ እናቷ ዞራ። «ያውቅ ነበር?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኔ ሆዴ ያባውን የሚያወጣው የአማቴ ምላስ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብለው አዩኝ። የዚያን ቀኑን ጌሾ እንዳስታወሱ ከዐይናቸው አወቅኩ።

«በየት ያውቃል?» አሉ። «መድኃኒት ብለው ለሰጡት ነገር! እኔም ብሆን ዕድሜዬን ሙሉ ስጥል ኖሬ ነው የለየሁት።»

ባለቤቴ ስልኩን አስቀመጠች። እናቷ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ የእሷ ይቅርታ ነው።

ሰኞ ለህንዱ ስነግራቸው ክው አሉ። ሚስታቸው ለዓመታት ስትወስደው መድኃኒት እንጂ ሌላ ነገር መስሏቸው አያውቅም። በማግስቱ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት አመጡልኝ። «ይኼ ደረቅ ነው፤ ምንም የፈላ የለበትም» አሉኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ምሬቱ ኮሶን ያስመሰግናል። እስከ መጨረሻው ወሰድኩት፤ እግዜር ይስጣቸው።

ያዳነኝ ግን ዱቄቱ አይደለም። ያን ቅዳሜ ባለቤቴ ፊቷን ልትታጠብ ስትሄድ፣ አማቴ ጠርሙሱን ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ተከተልኳቸው። ሽሮፑን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ገልብጠው እስኪንጠፈጠፍ ቆሙ፤ ከዚያ ድሮ ብርሌ እንደሚያጥቡት ጠርሙሱን ደጋግመው አለቀለቁት።

«በጠጅ ዋሽቼ አላውቅም ነበር» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «ዛሬ ዋሸሁልህ። ሁለተኛ እንዳታስዋሸኝ።»

አላስዋሸኋቸውም። ባለቤቴ እውነቱን ከእኔ የሰማችው እናቷ ካረፉ በኋላ ነው። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን ሻይ አቀረበችልኝና ራሷን እየነቀነቀች፣ «እማዬ? በጠጅ?» አለች። ከእኔ ጥፋት ይልቅ የገረማት እሱ ነበር።

አማቴ ከእኛ ጋር ዓመታት ኖሩ። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የምስመው እሳቸውን ነበር። ጉንጬን ሲስሙ ትንፋሼን እንደሚያሸቱ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ማወቄን ያውቃሉ። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ሆን ብዬ እተነፍስላቸዋለሁ። በአፍንጫቸው ሳብ ያደርጉና፣ ፊቴን በመዳፋቸው መታ አድርገው፣ «ደህና ውለሃል» ይሉኛል።