በእምነት የተመረቅሁ ጊዜ

እናቴ ከመመረቄ አምስት ወር ቀድማ አስመረቀችኝ።

የጃንዋሪ የመጀመሪያው እሑድ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን አሜሪካኖቹ ጠዋት አምልከው የሚለቁትን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ይከራያል፤ ስለዚህ የምንቀመጠው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ባሞቀው ወንበር ላይ ነው። ፕሮግራም መሪው «ጌታ ያደረገለትን የሚመሰክር አለ?» ብሎ ሳይጨርስ፣ እናቴ ከአጠገቤ ተነሥታ መድረኩ ሥር ደርሳለች።

«ልጄ በሁለት ዲግሪ ተመርቃለች» አለች፣ ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ። «በሳይንስና በኮምፒውተር ሳይንስ። ምረቃው ሜይ ላይ ነው፤ እኔ ግን በእምነት ተቀብያለሁ። ሁለቱንም ይዛ እዚሁ ትቆማለች። ስሙ ይባረክ!»

እልልታው ቀለጠ። በእኛ ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የለመኑት ገና ሳይመጣ እንደ መጣ ቆጥሮ ማመስገን ልማዳችን ነው፤ በእምነት ቤት የገዛ፣ በእምነት ጉልበቱ የዳነ፣ በእምነት ወንድሙን ከአዲስ አበባ ያስመጣ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ለብዙዎቹ ኋላ ሲሆንላቸው በዓይኔ አይቻለሁና አልስቅባቸውም። የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ሁለተኛው ዲግሪ ሜይ ላይ እንደማይደርስ ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ለሳይንሱ ዲግሪ የሚያስፈልገውን፣ ፊዚካል ኬሚስትሪ የሚባለውን ትምህርት ወድቄ ነበር፤ ትምህርቱ ደግሞ የሚሰጠው በዓመት አንዴ፣ በመጸው ብቻ ነው። ይህን ለአንድም ነፍስ አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ፈገግ አልኩና «አሜን» አልኩ። እሷን ቃል ባልል ኖሮ ቢያንስ «ዝም ነው ያልኩት» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ሁለት ዲግሪ ባንድ ላይ የመማሩን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቶሎ የገባው ግን ለእናቴ ነው። በዲቪ ከመጣን ጀምሮ ሁለት ሥራ ያልነበራት ጊዜ ትንሽ ነው። በሳምንቱ ቀናት ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚባል ሰፈር አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን ትረዳለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አንዲት መነሣት ያቃታቸው ሴትዮ ቤት ትሄዳለች። «አንዱ ሌይ ኦፍ አድርጎ ቢያሰናብትሽ ሌላው አለ» ትላለች። ሁለት ዲግሪም ለእሷ ሁለት ሥራ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በዚህ የተከራከሯት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ከፊት ወንበር የማይጠፉ፣ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፤ ከመድረክ የተነገረውን ሁሉ፣ «የእሳት አደጋ መስመር ላይ መኪና ፓርክ ያደረጋችሁ አንሱ» የሚለውን ጭምር፣ በ«አሜን!» ይቀበላሉ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሏት አንድ ቀን።

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ! እዚህ አገር አንድ ዛፍ መች ይበቃል?» አለች ጮክ ብላ።

«አሜን» አሉ።

ዩኒቨርሲቲዬ ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ ነው። ከሰፈራችን ከስኮትዴል እስከ ጣቢያው በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር እሄዳለሁ፤ ኮድ የምጽፈው ባቡሩ ውስጥ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነበር። የኮምፒውተሩን ትምህርት ወደድኩት፤ እውነቱን ለመናገር የወደድኩት ስለሚመልስልኝ ነው። ስሳሳት የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ በቀይ ጽፎ ይነግረኛል። አርሜ እንደገና አስኬደዋለሁ፣ ይሠራል፣ የቀደመውን ስሕተቴን ማንም አያየውም። ላብራቶሪ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ወግ የለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ የአንድ ፈሳሽ ሙቀት ስመዘግብ እውልና፣ መጨረሻ ላይ የማገኘው ቁጥር መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር አይተዋወቅም። የቱ ጋ እንደ ሳትኩ የሚነግረኝ የለም። እልኸኛ ነኝ፤ እልኼ ግን የሚሠራው መልስ በሚሰጠኝ ነገር ላይ ብቻ ነው። ጊዜዬ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተሩ አዘነበለ፤ ለፊዚካል ኬሚስትሪ የተረፈለት ፍርፋሪ ነበር።

ላብራቶሪውን የሚያስተምሩን ሰው መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ አዛውንት ነበሩ። አንድ ሕግ አላቸው። የላብራቶሪ ደብተር በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ አይፋቅም፣ አይቀደድም። የተሳሳተው ነገር ላይ አንድ ጭረት ብቻ ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። ከጎኑ ኢኒሻል የሚሉት የስም መጀመሪያ ፊደላትና ቀኑ ይጻፋል፣ አለቀ። እኔ ገጽ ሠላሳ አንድን ቀደድኩት። ስሕተቱ ከግማሽ ገጽ በላይ ነበርና ሳየው አስጠላኝ፤ በሚቀጥለው ገጽ ላይ አሳምሬ ገለበጥኩት። ገጾቹ ቁጥር እንዳላቸው ረስቻለሁ። በሳምንቱ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ሠላሳ አንድ የት ሄደ?» አሉኝ። ቦርሳዬ ሥር ተጨማዶ ተገኘ። ክፍሉ ሁሉ እያየ በፕላስተር አስለጠፉኝ። ከንዴቴ የተነሣ አጣምሜ ለጠፍኩት።

ከጃንዋሪው ምስክርነት በኋላ ስሜ «ባለ ሁለት ዲግሪዋ» ሆነ። የመዘምራኑ መሪ በሜይ ሦስተኛው እሑድ የምረቃ ጋዋኔን ለብሼ እንድመጣ ነገረችኝ፤ መዝሙርም ተመርጧል። እናቴ በሄደችበት ሁሉ ታወራለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ወለምታው የእናቴ ነበር፣ የማነክሰው ግን እኔ ነኝ። እናደድባት ነበር። ማን መስክሪ አለሽ፣ ማን ጠየቀሽ እያልኩ በሆዴ ስጨቃጨቃት እውላለሁ። ንዴት ከኀፍረት ይቀላል፤ ስለዚህ ንዴቱን ያዝኩ።

ኤፕሪል ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሴትዮዋ ቤት ተመልሳ ጫማዋን አወለቀችና ከፊቴ ተቀመጠች። ፊዚካል ኬሚስትሪን ብወድቅም ላብራቶሪው ለብቻው የሚሰጥና እስከ ሜይ የሚዘልቅ ትምህርት ስለሆነ ገና እየተማርኩት ነበር፤ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለች፣ የተጣመመውን ገጽ በጣቷ እየነካች።

ሕጉን አስረዳኋት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን የምታውቀው ሰው እንዳገኘች ሁሉ ፊቷ በራ።

«እኛም ጋ እንደዚያ ነው» አለች። «ሽማግሌዎቹ ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጡ የምንሞላው ወረቀት አለ። ስሕተት ከጻፍሽ ዋይት አውት ቀብቶ ማጥፋት ክልክል ነው። አንድ መስመር፣ ኢኒሻልሽ፣ ቀኑ። እኔ ራሴ አንዴ ቸኩዬ፣ ምንም ያልጠጡትን አሮጊት ጠጥተዋል ብዬ ጻፍኩ። ትዝ ሲለኝ ሮጬ ሄጄ ሰረዝኩት።»

«ተቆጡሽ?»

«ምን ይቆጡኛል? ሴትዮዋን ውሃ አጠጧቸው።»

ይህን ያለችው እንደ ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ወር ሳስብ የኖርኩት መሰረዙ የሚያመጣብኝን ውርደት ነበር፤ ስሕተቱ ሳይሰረዝ ሲቀር ውሃ የሚጠማው ሰው እንዳለ አንድም ቀን አልታየኝም።

«እማዬ» አልኩ። «ፊዚካል ኬሚስትሪ ፌይል አድርጌያለሁ። ሜይ ላይ የኮምፒውተሩን ብቻ ነው የምይዘው። ሳይንሱ እስከሚቀጥለው ዲሴምበር አያልቅም።»

ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዲሴምበር።»

«እኔ ስመሰክር ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«አሜን ስትዪ ሰምቼሻለሁ» አለች።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ እጇን ታጠበች፣ መኝታ ቤቷ ገባች፣ በሩን እንኳ አላላተመችውም። እኔ እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ትምህርቱን መውደቄ አልነበረም ያስለቀሰኝ፤ ለወደቅሁትስ ዲሴምበር ላይ ድርሻዬን አልቅሻለሁ። እናቴን በሰው ፊት ብቻዋን ማቆሜ ነው።

በማግሥቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የነዳሁት እኔ ነበርኩ። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጇን አውጥታ ማይኩን ተቀበለች።

«ጃንዋሪ ላይ የመሰከርኩትን ላርም ነው» አለች።

ምስክርነት ሲታረም ያየ ከመካከላችን አልነበረም፤ ፕሮግራም መሪው ማይኩን ይቀበላት ወይ ይተዋት ግራ ገብቶት እጁን ዘርግቶ ቀረ።

«ልጄ ሜይ ላይ የምትይዘው አንድ ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ገና ነው፤ አንዱን ትምህርት ትደግማለች። ጌታ አልዋሸም። እኔ ነኝ የቸኮልኩት።»

ስለ እኔ አሜን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልላ ወሰደችው። ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ወንበራችን ስትመለስ አንጀቴን በላችው። ማይኩን ለመሪው አልመለሰችም ነበር፤ ከጎኔ ስትቀመጥ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«ጭረቱን አድርጌያለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ኢኒሻሉ ያንቺ ነው።»

ተነሣሁ። ንግግር ማሳመር አውቅበታለሁ፤ ያን ቀን ግን ያሳመርኩት ነገር አልነበረኝም።

«ፊዚካል ኬሚስትሪ ወድቄያለሁ» አልኩ። «ከዲሴምበር ጀምሮ አውቅ ነበር። እናቴ ስትመሰክር ውሸት እንደሚሆንባት እያወቅሁ አሜን ብያለሁ።»

ከዚያ ከፊት ወንበር ላይ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«አሜን!» አሉ፣ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ። «ጌታ ይባረክ!»

መጀመሪያ ከመዘምራኑ አንዷን ሳቅ አመለጣት፤ ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው ምን እንደተባለ ባያውቁም ደስ ብሏቸው ዞረው ያዩናል። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መስሎኝ ደንግጬ ጎንበስ አልኩ። እየሳቀች ነበር። ነጠላውን ከፊቷ አወረደችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከሰዉ ሁሉ ዘግይታ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አሜን» አለች።